የእትዬ ዘርፌ ነጠላ

እትዬ ዘርፌ ከሰንበቴው ዳቦ አንዱን ነጠላቸው ስር ሲሸጉጡ ዛሬም አያቸው። ባለፈው እሁድም አይቷቸዋል። የባሰው ግን የሌሎቹ ነገር ነው፤ ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ጠላ ቀጂዋ መጥታ ፊቱ ተገተረችበት።

"አባ፣ የማኅበሩ ዳቦ እየተሰረቀ ዝም ይባላል?"

"ተው ልጄ፣ ረጋ ብለህ ጠላህን ጠጣ።"

ተመሳጥረዋል ማለት ነው! ሥራ ከፈታ ወዲህ ንቀውታል፤ የሚሰማው የለም። የእሱ ሚስት እንኳ ቤቱ እንዲያ ባዶ ሆኖ እሁድ እሁድ ዳቦ ጋግራ ትጠብቀዋለች እንጂ የሰው እጅ አታይም። እጅ ከፍንጅ ሊይዛቸው ቆረጠና ጠላውን ትቶ በሩቁ ተከተላቸው።

አሮጊቷ ግራ ቀኝ እያዩ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ዞሩ። እሱም ዞረ። ወደ ገዛ ሰፈሩ ሲታጠፉ ደሙ ፈላ። ተቀባዩ የትኛው ጎረቤት ይሆን?

እትዬ ዘርፌ የእሱን በር በቀስታ አንኳኩ። ሚስቱ ብቅ አለች።

"እንኪ፣ ሳይመጣ ቶሎ አስገቢው" አሏት ዳቦውን እያቀበሉ። "ዛሬም ራሴ ጋገርኩት በይው።"