ሁለተኛዋ ሙሽራ

ሙሽራው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ከመኪናው ወርዶ ፎቶ አንሺውን ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ጠጋ ብሎ፣ "ትንፍሽ ብትል ከነካሜራህ ሐይቁ ውስጥ ነው የምከትህ" አለው።

ፎቶ አንሺው ወዲያው ነው ያወቀው። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ከሌላ ሙሽራ ጋር አንስቶታል። አዲሷ ሙሽራ አንጀቱን በላችው። ሰውየው ስልክ ሊያነጋግር ዞር ሲል አላስቻለውም።

"ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ባልሽ ከዚህ በፊት አግብቶ ነበር። እኔው ነኝ የሠርጋቸውን ፎቶ ያነሳሁት።"

ሙሽሪት ቬሏን እያስተካከለች ፈገግ አለች።

"አውቃለሁ። አንተን ያስጠራሁህ ለዚህ እኮ ነው! ያኔ እነሱን ያቆምክበት ዋርካ ሥር፣ ልክ እንደዚያው አድርገህ አንሳን። ያቺ ሙሽራ ታላቅ እህቴ ናት፤ ፎቶውን መጀመሪያ የምልከው ለእሷ ነው።"