አራት ማሲንቆ ለመስኮቡ ዜማ

በደብረ ታቦር ከፊታውራሪ ዘውዱ የበለጠ ዜማ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ያሉት ራሳቸው ፊታውራሪ ናቸው።

ጀግናም ነበሩ። ባለፈው በጋ ከጋፋት የመጣ መድፍ ከግቢያቸው ጀርባ ሲሞከር ሰው ሁሉ ሸሸ፤ እሳቸው ከአፈሙዙ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው እንኳ ከፍ ብሏል።

በጥቅምት ከሩሲያ አንድ እንግዳ መጣ፤ ሰዉ መስኮቡ ይለዋል። ለአራት ባለ አውታር መሣሪያ የተደረሰ የአገሩን ዜማ በወረቀት ይዟል። መሣሪያዎቹን ግን የጉማራ ወንዝ ወስዶበታል። የፊታውራሪ አጋፋሪ በላይነህ አራት አዝማሪዎች ጠራለት።

«አራት ለምን?» አለ አንዱ አዝማሪ እሸቴ። «እኔ ብቻዬን አንሼ ነው?»

«አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል» አለ መስኮቡ በተሰባበረ አማርኛ።

«እንደ ማኅሌት ነዋ፣ ግራና ቀኝ» አለ ሌላው አዝማሪ ጌጡ። መስኮቡ የመላሹን ክፍል ለእሱ ሰጠው።

«እና አንተ ስትመልስ እኔ ዝም ልበል?» አለው እሸቴ።

«ተለማመደው፤ ሚስትህም ደስ ይላታል።»

አጋፋሪው ከፊታውራሪ ትእዛዝ አመጣ፤ ዜማውን ያበላሸ ማሲንቆው ይሰበራል፣ ከጌታው መሬትም ይነቀላል። ይህን ሲናገር ጌጡን አየው። ጌጡ በአንድ ሠርግ ላይ ስስታምነቱን በግጥም ነክቶበት ነበር።

ለመኳንንቱ ግብር በተጣለበት ቀን ፊታውራሪ አራቱን ከፊት ለፊታቸው፣ ብርሃን ላይ አስቀመጧቸው። ሦስቱ ጀመሩ። ጌጡ ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ፤ ከዚያ መለሰላቸው። ጠጅ አሳላፊዎቹ ባሉበት ቆሙ። መኳንንቱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

አጋፋሪው ጎንበስ ብሎ በጌታው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለ። ፊታውራሪ ፈገግ አሉ። ቀጥሎም ተነሡ።

«ያ አራተኛው ምን ሆኗል? ሦስቱ ሲሠሩ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ሲስቡ እሱ ይገፋል! አበላሸው!»

«ጌታዬ፣ የተጻፈው እንዲያ ነው» አለ መስኮቡ። «ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው።»

«አንተም እንኳን ደህና መጣህ» አሉት ፊታውራሪ።

«እኔስ ጆሮዬን ሲቧጥጠኝ ነበር» አለ አጋፋሪው።

«እኛንም!» አሉ መኳንንቱ፣ ጋቢያቸው ገና ሳይደርቅ።

ጌጡ መሬት ላይ ወደቀ። «ይማሩኝ፣ የአባቴ ማሲንቆ ነው!»

ፊታውራሪ አላዩትም። በላይነህ ማሲንቆውን ከድንጋይ ጋር አጋጨው።

ያን ጊዜ ከግቢው ጀርባ ከጋፋት የመጣ ሌላ አዲስ መድፍ ተተኮሰ። በቅሎዎቹ ገመዳቸውን በጠሱ። አጋፋሪው፣ መኳንንቱ፣ መስኮቡም ሳይቀር በግንባራቸው ተደፉ።

ፊታውራሪ ወደ መድፉ ዞር እንኳ አላሉም፤ የተደፋውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩና ፊታቸው በራ። «በቃ፣ ተነሡ፤ ፍርዴ ደስ እንዳሰኛችሁ ገብቶኛል» አሉ።