በአበባዬ የተከሰስሁበት ሰሞን

የበደለችኝ ዙፋን ናት። በአንድ አጥር የምንዋሰን፣ የልጆቿን ሁሉ እትብት የቆረጥሁላት ዙፋን።

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የመተማ ፀሐይ ድንጋይ የሚያበስልበት። ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን ደርድሮ ቦኖው ዘንድ ቆሟል። ዙፋን ጮክ ብላ ጠየቀች፤ "የሁላችን ግቢ አመድ ሲሆን የታንጉት ብቻ ለምን አበባ በአበባ ሆነ?" ጠይቃም መልሱን ለሰው አልተወችም። "ውኃችንን ትሰርቃለቻ።"

"የኔ አበባ እንደ ባልሽ ጠጪ አይደለም" አልኋት።

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ግን አላዳነኝም፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ ውኃ ኮሚቴው ዘንድ ደረሰ።

አበቦቼ ከበሩ እስከ ጓዳዬ በጣሳ ተደርድረዋል። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ። ልጄ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ሲመለስ ያመጣልኝ ናቸው። ሰው እንዲነካቸው አልወድም፤ ማለዳ ማለዳ አቧራቸውን አራግፍላቸዋለሁ። አንድ ቀን የዙፋን ፍየል አጥር ጥሳ ገባች፣ አንዱን ቀመሰች፣ ተፋችና ወጣች። እሷም እንደ ባለቤቷ የሰው ነገር አይጥማትም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ስንሻው ነው። አብደራፊ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ ዛሬም የሚያወራው ሞተር እንደተነሳ አድርጎ ነው።

"እትየ ታንጉት፣ ከሰረቁ ይመኑና እንጨርስ" አለኝ።

"አልሰረቅሁም።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ አበባ በምን ይኖራል?"

"የሠራቸውን ጠይቅ።"

"እግዜርን ኮሚቴ ፊት አላቆመውም" አለ። "እርስዎን ግን እስከ ክረምት ከወረፋ እሰርዝዎታለሁ።"

በዚህ ጉልበቴ ከወንዝ ልቀዳ ነው እንግዲህ። ከዚያ የከፋው ደግሞ በስተርጅና ሌባ መባሉ ነው። አጎንብሼ መለመን ግን አልለመድሁም።

ኮሚቴዎቹ ተማከሩና ፈረዱ። እስከ እሑድ ወረፋዬ ይታገዳል። የምጠጣውንና የማበስልበትን ብቻ ዙፋን በጆግ ለክታ ታመጣለች። አበባው ከጠወለገ ስሰርቅ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ካልጠወለገ ዙፋን ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቀኛለች።

"መጠውለጉን ማን ያያል?" አለች ዙፋን። እሷም ዓይኗ ሞራ ለብሷል፣ እኔም እንደዚያው፣ የስንሻውን ደግሞ የእርሻ አቧራ ጨርሶታል።

"ካሜራ ያያል" አለ ስንሻው። እስከዳርን ማለቱ ነው፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የጓሮ ክፍሌን የተከራየችው። ዲጂታል ካሜራ አላት። ዛሬ ታነሳለች፣ እሑድ ታነሳለች፣ ሁለቱ ይተያያሉ።

"ከአጥሩ ወዲያ ሆና ታንሳ" አልሁ። "የካሜራ ዓይን ከሰው ዓይን ይብሳል። ቀርቦ ካየ ይበላቸዋል።"

"ቀርባ ነው የምታነሳው" አለ። "ጥራት እንፈልጋለን።"

እስከዳር ነፋሱ ሳይነሳ ብቅ አለች። ቀዩ አበባ ፊት ተንበረከከች። ካሜራው ላይ የአበባ ስዕል ያለባት ምልክት አለች፤ ቅርብ ነገር የሚነሳው በሷ ነው አለችን። ክርኗን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች።

"እማማ ታንጉት፣ ጥላዎ አጨለመብኝ፤ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

ፈቀቅ አልሁ።

"አበባ ሲወዛወዝ ስዕሉ ይደበዝዛል" አለች። "የእርስዎ ግን ጨዋ ነው፤ ዝም ብሎ ይቆማል።" እምብርቱ ላይ አነጣጠረች፣ ትንፋሿን ዋጠች። እኔም ዋጥሁ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ስዕሉን አጎልታ አየችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እንደገና ስዕሉን አየች።

"ምን አገኘሽ?" አለች ዙፋን ከኋላ።

"ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር" አለች እስከዳር። "ከዚህ በላይ ማጉላት አያስፈልግም።"

የዚያን ቀን ምሳዋን እኔ ሠራሁላት። ዶሮ ነው።

ዙፋን ውኃዬን በጆግ አመጣች። ሰርቄ እንዳላጠጣም ከራኩባዬ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ጀመር። ጧት ትመጣለች፣ ሲመሽ ትሄዳለች። ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው። አበባው እንዳለ ቆሞ እሷ ጠወለገች። ከለካችልኝ ላይ ቀንሼ አጠጣኋት።

"አንች ታንጉት፣ ምን ብታደርጊላቸው ነው?" አለችኝ ከንፈሯን እየጠረገች።

"ሐሜት አላሰማቸውም" አልኋት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰፈሩ ግቢዬን ሞላው። እስከዳር በዚያው ቦታ ተንበርክካ ያንኑ ቀይ አበባ አነሳች። ስንሻው ካሜራውን እጁን ዘርግቶ ያዘና አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

"ያው ነው" አለ። ያን ጊዜ ብቻ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ሆነ። "አንዲት ቅጠል አልተነቃነቀችም።"

አንዳንዱ አማተበ። ስንሻው ባርኔጣውን አወለቀ። "እትየ ታንጉት፣ ይቅር ይበሉን። ይህ በረከት ነው እንጂ ስርቆት አይደለም። ከነገ ጀምሮ ወረፋዎ ከፊት ነው።"

ዙፋን ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች። ትንሽ አቆየኋት። ከዚያ "እግዜር ይፍታሽ" አልሁና አወረድሁላት።

ቀና እንዳለች "ከዚህ ዘር ለኔም ትሰጭኛለሽ?" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"ልጄ ሲመጣ አስመጣልሻለሁ" አልኋት። እስከዳር ካሜራዋን እያጠፋች ሳል ያዛት።

በማግስቱ ማለዳ የመጀመሪያውን ጀሪካን ቀድቼ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ፣ አበቦቼን አንድ በአንድ ከጣሳው ነቅዬ በሳሙና አጠብኋቸውና፣ ፀሐይ ቀለማቸውን እንዳያስለቅቃቸው ጓዳ ውስጥ በገመድ አሰጣኋቸው።