ከበረራ በፊት

ጡረተኛው የአውሮፕላን ቴክኒሻን፣ ክንፉ ሦስት ሜትር የሆነ፣ ጄት የሚመስል፣ ሞተር አልባና በሪሞት የሚመራ ግላይደር ሳሎኑ ውስጥ ሲሠራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሚስቱ «ሰው ላይ ወድቆ ጉድ እንዳንሆን!» እያለች ስትነተርከው፣ «ብሎኑ ቀርቶ ሙጫው እንኳ ሦስት ሦስት ጊዜ ተፈትሿል» ይላታል።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሱሉልታ ሜዳ፣ ግላይደሩ በገመድ ተስቦ ተነሣ። እንደ አሞራ አንዴ ዞረ። ከዚያ ሪሞቱን አልሰማ አለና በአፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ።

ሰውዬው ሮጦ የግላይደሩን ሆድ ከፈተ። የሪሞቱን ትእዛዝ የሚሰማው የሬዲዮ መቀበያ ውሃ ያንጠባጥባል። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ቁራጭ ደመና የለም።

ሚስቱ እያለከለከች ደረሰች።

«ተመስገን!» አለች አማትባ። «ጠዋት ስትታጠብ ሆዱን ከፍቼ ጠበል ባላፈስበት ኖሮ፣ ይሄኔ ሰው ፈጅቶ ነበር!»