የብሥራት ድርሻ

የውሃ ቁጠባ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት፣ በሎስ አንጀለስ የሺመቤት ቤት ቧንቧው ሲከፈት ውሃው እስኪሞቅ ሦስት ሊትር በከንቱ ይፈስ ነበር። አሁን ለአንድ ሰው በቀን አሥራ አምስት ሊትር ነው። የሟች ድርሻ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ይቋረጣል።

ባሏ ብሥራት፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ከሞተ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሺመቤት ከድርሻው በጆግ ቀድታ ከጠዋት ጀምሮ በለቀስተኛው መሀል ትዞራለች። እግሯ ዝሏል።

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለቻት ጎረቤቷ።

«በሞቴ! አንድ ጉንጭ።»

«ለራስሽ አስቀምጪው፣ የሺዬ።»

ድሮ በምግብ ነበር እንዲህ የሚባለው። ሁሉም ለእሷ አዝኖ ነው እምቢ የሚላት።

«የእኔ እኮ አይደለም» አለች ድምጿ ደክሞ። «የእሱ ነው። የመጨረሻው ድርሻው ሰው ሳይቀምሰው እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ከብሥራት ጋር ሃያ ዓመት የነዱት ጋሽ ወልደሰንበት ከጥግ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው እስቲ። ብሥራት በሕይወቱ አንድ ቀን ጋብዞኝ አያውቅም።»

አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሳያቋርጡ ጠጡ። የሺመቤት ጆጉን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ልክ በቀትር በቧንቧው ቆጣሪ ላይ የቤቱ የቀን ድርሻ ከሠላሳ ሊትር ወደ አሥራ አምስት ወረደ። ከሃያ ሁለት ለቀስተኛ የጠጣው አንድ ነው።