ኡናይሲ እጇን ያልዘረጋች ዕለት

መምህር አፔኒሳ የፊጂ ደሴቶችን ስለሚመታው አውሎ ነፋስ እያስተማሩ ሳለ ግድግዳው ላይ የነበረው ምስል ድርግም ብሎ ጠፋ። ተማሪው ሁሉ ዞሮ ከኋላ የቆመችውን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ኡናይሲን አየ። በፕሮጀክተር ማስተማርን ያለማመደቻቸው እሷ ነበረች፤ እሳቸውም ዛሬ ካልሆነላቸው ጡረታ እንደሚወጡ ነግረዋታል።

ኬብሉ መላላቱ ከቆመችበት ይታያት ነበር። እጇ ሊዘረጋ ሲል ወደ ኋላዋ አጣመረችው።

"ምነው ልጄ፣ ሐውልት ሆንሽብኝ?" አሏት።

"እርስዎ ያውቁታል፣ መምህር።"

ገላመጧት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ኬብሉን ነቀሉና አጥብቀው መልሰው ሰኩት። አውሎ ነፋሱ እየተሽከረከረ ግድግዳውን ሞላው፤ ልጆቹም አጨበጨቡ።

"ነገ እንዳትመጪ" አሏት፣ ፈገግታቸውን ለመደበቅ እየታገሉ። "አንቺ ካለሽ እኔን የሚያየኝ የለም።"

ኡናይሲ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።