ስድስት በቅሎ፣ ዘጠኝ አህያ

«መጀመሪያ ሁሉንም አህያ ናቸው አልኩ መምህር...»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

መምህር ያርጋል ግን አልሳቀም። የፈተናውን ወረቀት የልጁ አፍንጫ ሥር ያዘለት።

«ኤክስህ የት አለ? ዋይህስ?»

ልጁ ሸሀቡ ይባላል።

ቦታው ደባርቅ ነው። ዘመኑ ሰባ ስምንት... በደርግ፣ ወጣት ከየመንገዱ የሚታፈስበት ጊዜ።

ጥያቄው ይህ ነበር። አሥራ አምስት በቅሎና አህያ ሠላሳ ስድስት ስልቻ ጨው ጫኑ። በቅሎ ሦስት ስልቻ ይጭናል፣ አህያ ሁለት። በቅሎው ስንት ነው? አህያውስ?

መምህሩ ያስተማረው በቅሎውን ኤክስ፣ አህያውን ዋይ ብሎ፣ ሁለት እኩልታ ጽፎ አንድ ላይ መፍታት ነው።

ሸሀቡ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ። «ስድስት በቅሎ፣ ዘጠኝ አህያ።»

መልሱ ልክ ነው!

«ከማን ነው የኮረጅከው?»

«ወላሂ አልኮረጅኩም መምህር! ላስረዳዎት...»

«ያለ እኩልታ ምኑን ታስረዳኛለህ? ውጣልኝ!»

አሥር ማርክ የሚይዘው ጥያቄ ዜሮ ተሰጠው።

ሸሀቡ ክፍሉን እየደገመ ነበር። ድምሩ አርባ አራት መጣ። ሃምሳ ካልሞላ ይባረራል። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት የተባረረን ደግሞ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይወስደዋል።

እናቱ ወይዘሮ ጣይባ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ፊደል ያልቆጠሩ የጨው ነጋዴ ናቸው።

«መምህር፣ ልጄ ሌባ አይደለም። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንዴ ብቻ ይጠይቁት...»

«ያልተሠራበት ማርክ አልሰጥም እናቴ» አላቸው።

ነሐሴ ላይ ሸሀቡን በጭነት መኪና ወሰዱት...

ታኅሣሥ ገባ። በአንድ የገበያ ቀን መምህር ያርጋል ጨው ሊገዛ ወይዘሮ ጣይባ በር ላይ ቆሟል። ዋሴ የሚባል ጫኝ ከዳባት ቀድሞ እያለከለከ ደረሰ።

«እትዬ ጣይባ፣ ጭነቱ እየመጣ ነው! ሃያ ከብት፣ አርባ ስድስት ስልቻ!»

«ስንቱ በቅሎ ነው? ለበቅሎው ገብስ፣ ለአህያው ጭድ ላሰናዳ እንጂ።»

«እሱን አልነገሩኝም።»

«ግድ የለም። ሁሉንም አህያ ናቸው በል። አርባ ስልቻ ጫኑ። ስድስት ተረፈ አይደል? አህያ ከሁለት በላይ አይችልም፤ የተረፈችውን አንድ አንድ የወሰደው በቅሎ ነው። ስድስት በቅሎ፣ አሥራ አራት አህያ። በል ገብሱን ለስድስት አውጣ!»

መምህር ያርጋል ወደ ወይዘሮ ጣይባ ጠጋ አለ።

«ይህንን... ሸሀቡ ያውቀው ነበር?»

«ከእኔ ጋር ሲያሰላ አይደል እንዴ ያደገው!» አሉ ፈገግ ብለው። «የእርስዎስ ትምህርት ይኸው አይደለም መምህር?»

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ጋ ሮጠ። ማርኩ ታረመ። ሃምሳ አራት... ሸሀቡ አለፈ! ወረቀቱን ይዞ ቀበሌ ገባ።

«ጓድ መምህር፣ ግንባር የገባ ልጅ በማርክ አይመለስም» አሉት።

ጥር ላይ መርዶው ደረሰ።

ለቅሶ ቤት ከእናትየው ብሶ ያለቀሰው መምህሩ ነበር። ወይዘሮ ጣይባ እስኪሞቱ ድረስ ላገኙት ሰው ሁሉ «መምህሩ ልጄን እንዴት ይወደው ነበር መሰላችሁ!» ይሉ ነበር። እሱም የልጃቸው መልስ ልክ እንደነበረ፣ ዜሮውም የራሱ ስህተት እንደሆነ አልነገራቸውም...

እኔ እንዴት አወቅኩ?

መምህር ያርጋል አባቴ ነው። ታሪኩን የነገረኝ ሊሞት ሰሞን ነው። ሲያርፍ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ አገኘሁት። ዜሮው ተሰርዞ አሥር ተጽፎበታል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፉ «ሳልጠይቀው» ይላል።

አባቴን እወደዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬም ተናድጄበታለሁ።

ወገኖቼ፣ ሰው እኛ በምናውቀው መንገድ ስላልመጣ ብቻ አልደረሰም አንበል። «ውጣ» ከማለታችን በፊት «እስቲ አስረዳኝ» እንበል። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው...

እናንተ በአባቴ ቦታ ብትሆኑ ለወይዘሮ ጣይባ እውነቱን ትነግሯቸው ነበር? ወይስ እንደሱ ዝም ብላችሁ ታለቅሱ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።